ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፣ ማይኩም ይኸው

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረስ ሆኖ መዋል ቀላል ሥራ አይደለም። ዶሮ ሳይጮህ ከጋጣ ያወጡሃል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ አገር፣ በጥር ውርጭ፣ ገላህን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡሃል። ጋማህን ያበጥሩታል፣ ጭራህን ይጎነጉኑታል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጀርባህ ዛሬ ባለ ጥልፍ ግላስ ይለብሳል። ግንባርህ ላይ ቀይና ቢጫ ዘርፍ ይንጠለጠላል። ከዚያ በባንጃ ይሁን በአንከሻ፣ በፋግታ ይሁን በዳንግላ በኩል የሰዓታት መንገድ ትገሰግሳለህ።

ደርሰህስ? ትቆማለህ። ፀሐይ ትወጣለች፣ አንተ ቆመሃል። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ይደለደላል፣ አንተ ቆመሃል። የታሸገ ውሃ በካርቶን ይመጣና ይታደላል፤ ያንተ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የክብር እንግዶች መንገድ ላይ መሆናቸው ይነገራል። ጥቂት ቆይቶ አሁንም መንገድ ላይ መሆናቸው ይነገራል። በመጨረሻ አንድ ሰው ማይኩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ "ሃሎ፣ አንድ ሁለት፣ ሃሎ" ሲል፣ ፈረሶቹ ሁሉ ጆሯቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። የዕለቱን ንግግር ከልቡ ያዳመጠ ፍጡር ካለ እነሱ ናቸው። ሌላው ስልኩን ነው የሚያየው።

በዓሉ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይህችን ዓመት ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። በ1932 አገሩ በጣሊያን እጅ ነበር። የፋሽስት ጦር ዳንግላም እንጅባራም ላይ ሰፍሮ ነበር፤ አርበኛው ከውስጥ፣ በኦሜድላ በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው ኃይል ከውጭ ሲያጣድፉት ሁለቱንም ለቅቆ የወጣው በየካቲት 1933 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጠላት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አባቶቹን ዓድዋ ላይ ድል የነሱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እየዘከረ የሚሰበሰብ ማኅበር ይቋቋማል። ዛሬ የኳስ ቡድን የሚያቋቁም የሰፈር ኮሚቴ እንኳ "ቢሮ ስላልተሰጠን ነው ያልጀመርነው" ይላል። የ1932ቱ ሰዎች ቢሮ ቀርቶ አገሩም በእጃቸው አልነበረም።

ማኅበሩ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። ስልሳ ሰው ያለው ዕድር በቅጣትም በልመናም ምልዓተ ጉባኤ በማያሟላበት አገር ይህ ቁጥር ሊደነቅ ይገባዋል። ምስጢሩ፣ እንደሚመስለኝ፣ ቀላል ነው። በሌላ ስብሰባ ላይ ተቀምጠህ ትሰማለህ፤ እዚህ ግን ተቀምጠህ ትጋልባለህ።

ቀኑም ዝም ብሎ አልተመረጠም። 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘ ነው። ታዲያ ለምን የካቲት ሳይሆን ጥር? የተማሩት ብዙ ይሉ ይሆናል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ጥር እህሉ ከአውድማ ገብቶ ጠላው የሚጠመቅበት፣ ሰርግ በየደጁ የሚደገስበት ወር ነው። የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ይመጣል። ጥርን የመረጡት አባቶች ታሪኩን ሲያከብሩ ሆዳቸውንም አልረሱም፤ ይህንንም እንደ ብልሃት እቆጥርላቸዋለሁ።

ስለ ጊዮርጊስ ከተነሳ ዘንዳ፣ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ይወጋል። ብሩታዊት ከዛፉ ላይ ሆና ታያለች። ምእመኑ መጥቶ ይሳለማል፣ ይሳላል፣ ስለቱ ሲሰምር ጃንጥላ ያስገባል። ከሥር ግን ዘንዶውን በኮቴው ረግጦ የያዘው ፈረሱ ነው። ስለ እሱ ሻማ ያበራ ሰው አላየሁም። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰውም ይህን ሥዕል አላየም፤ ወይም አይቶ የፈረሱን ድርሻ ለመቀነስ ምክንያት ሲፈልግ ነበር።

ድርሻው ደግሞ ትንሽ አይደለም። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ደጋ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል። ከዓድዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በክፉ ቀን፣ የከብት በሽታው በሬውን እየጠረገ ሲሄድ ፈረስን አልነካም ነበር። ድንች ከማሳ ወደ አስፋልት የሚያወጣው ፈረስ ነው። ሙሽራ የሚወስደው፣ ለቅሶ የሚያደርሰው፣ ባለ ጉዳዩን ገበያ ውሎ ጠላ ቤት አምሽቶ ሲመለስ መንገዱን ሳይስት ቤቱ የሚያስገባው እሱ ነው። ይህ የመጨረሻው አገልግሎት በየትኛውም ንግግር ውስጥ ሲጠቀስ አልሰማሁም፤ ተናጋሪዎቹ ውስጥ ግን የተጠቀሙበት አይጠፉም።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ሜዳው ዳር ቆሞ ፈረሱን የሚያወድስ ሰው ሁሉ ፈረሱ የዓድዋ ዘር ነው። እንደሚባለው ቢሆን ምኒልክ የዘመቱት በአዊ ፈረስ ብቻ ነው። ፈረስ ዕድሜ ሰጠው ቢባል 30 ዓመት ቢኖር ነው፤ ከዓድዋ እስከ ማኅበሩ ምሥረታ ደግሞ 44 ዓመት አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እንኳ የዓድዋ ፈረስ በአካል ሊገኝ አይችልም ነበር፤ የተገኘው ስሙ ነው። ስም ደግሞ ሳር ስለማይበላ ይበዛል። አንድ ጎልማሳ ዳማ ፈረሱን አንገቱን እየደባበሰ ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች ሲያስረዳ ሰማሁት።

"የዚህ ቅድመ አያት ዓድዋ የዘመተ ሰንጋ ነው።"

እንግዶቹ "ዋው" አሉ፣ ፎቶ አነሱ። አጠገባቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ ግን ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

"ልጄ፣ ሰንጋ ከወለደማ የእኔም በሬ ይወልድልኛል።"

ጎልማሳው አልደነገጠም። "አባ፣ የዱሮው ሰንጋ እንደ አሁኑ አይደለም" ብሎ ቀጠለ። የታሪክ ክርክር ላይ የማይሸነፍ ሰው ማለት ይህ ነው።

እንግዶቹም የራሳቸው ጉድ አለባቸው። በዱሮ ዘመን ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ስሙ በቅድሚያ የፈረሱ ነበር፤ ሰውየው የሚጠራው በፈረሱ ጌትነት ነው። አሁን ከተማው በአባ እገሌ ተጥለቅልቋል። የስልኩ ገጽ ላይ አባ ነጎድጓድ የተባለው ሰው እንጅባራ መጥቶ ፈረስ ላይ ሲወጣ፣ ቀኝ እግሩን በግራ እርካብ አስገብቶ ወደ ጭራው ዞሮ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ባለ ፈረሱ በትሕትና አውርዶ አዞረው። ፈረሱ ዛብ ሳይሳብ፣ ጉልበት ሳይነካው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ፎቶውን አስነሳ። በማግስቱ ፎቶው "የአባቶቼ ደም" በሚል ጽሑፍ ታጅቦ ወጣ።

ውድድሩ መጀመሩ አይቀርምና ይጀመራል። መነሻው ላይ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩን የሚያከብሩት ፈረሶቹ ናቸው። ፊሽካው ሊነፋ ሲል አንዱ ጋላቢ ይፈተለካል፣ የቀሩት ይከተሉታል፣ ሁሉም ተጠርተው ይመለሳሉ፤ ሁሉም ደግሞ የቀደመው ሌላው መሆኑን ይምላሉ። በዚህ መሐል ተመልካቹ ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ሰፊ የነበረው የመሮጫ ሜዳ በግማሽ እርምጃ፣ በግማሽ እርምጃ እየተበላ እኩለ ቀን ላይ የጎረቤት አጥር መሐል ያለች መተላለፊያ ያክላል። ማይኩ "እባካችሁ ወገኖቼ፣ ሜዳውን ልቀቁ" ይላል። ሁሉም ከፊቱ ላለው ሰው "ልቀቅ ተብለሃል" ብሎ ያስተላልፋል። መልእክቱ ከኋላ ተነስቶ ከፊት ይደርሳል፤ ከፊት ያለው ደግሞ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ለፈረሱ ይነግረዋል።

ከዚያ ግን፣ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፣ ሽምጡ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ይረሳል። መሬቱ ከእግርህ ሥር ይደልቃል፤ ነጭ ጋቢ ከጋላቢው ትከሻ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቦራው ከአምባላዩ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዞ ያልፋል፤ የፈረሱ ላብ ፊትህ ላይ ይረጫል። ስልኩን የዘረጋው ሁሉ የቀረጸው ያለፈ አቧራ ነው። ጉግሱ ሲተካ አንዱ ወገን እየሸሸ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻ ጀርባውን ይከልላል። አሳዳጁ በዘንጉ የሳተ ጊዜ የሚስቁት ሴቶች ናቸው፤ ከማናቸውም ዳኛ ይልቅ ያቺ ሳቅ ታስፈራለች።

ውጤቱ ሲነገር ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ። ያሸነፈው ሰው "አሸነፍኩ" ይላል። የተሸነፈው ሰው "ፈረሱ ከዳኝ" ይላል። ከዚህ ውጭ የሚል ሰው አልሰማሁም። ፈረሱ ባይከዳው ዓይን በልቶት ነው፤ ዓይን ባይበላው ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ ከሆነ ዳኛው ያሸናፊው አማች ነው። አንዱ ፈረሱ ማታ ገብስ ስላልቀረበለት መሆኑን አምኖ ተናገረ። ገብሱን ማን ሊያቀርብለት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወሬውን ወደ ዳኛው መለሰው።

በዚህ ጉዳይ የሰው ጠባይ በየአገሩ ያው ነው። እንግሊዞች አስኮት የሚባለውን የፈረስ እሽቅድምድም በንግሥት አን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1711 ጀመሩት፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬ በማግስቱ ጋዜጣው የሚያወጣው የወይዛዝርቱን ባርኔጣ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ የሲዬና ነገር ነው። ሲዬና የጣሊያን ከተማ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16፣ በዋናው አደባባይዋ ፓሊዮ የሚባል የሰፈር ለሰፈር እሽቅድምድም ታደርጋለች። በዚያ ሕግ ፈረሱ ጋላቢውን መንገድ ላይ ጥሎት ብቻውን ቀድሞ ቢገባ አሸናፊው እሱ ነው። "አሸነፍኩ" የሚለው ሰው አቧራ ላይ ተዘርሯል፤ ድሉ ግን ተቆጥሯል። ከውድድሩ በፊት እያንዳንዱ ሰፈር ፈረሱን እየመራ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያስገባዋል፤ ቄሱ ፈረሱን ባርኮ አሸንፎ እንዲመለስ ይልከዋል። ከድሉ በኋላ በሚደረገው ግብር ላይ ፈረሱ የክብር እንግዳ ሆኖ በማዕዱ ራስጌ ይቆማል፤ የራሱ መኖ ይቀርብለታል።

ነገሩን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ዓድዋ ላይ የተሸነፉት ለፈረሳቸው ግብር ያበላሉ። ያሸነፍነው እኛ በፈረሳችን ስም ተሰብስበን እኛው እንበላለን።

መኖ ካልኩ ዘንዳ ስለ ሳሩ ልናገር። አዊ ዛሬ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ግን አረንጓዴ ሁሉ አይበላም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ፣ አክስሎ ይሸጣል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ገበሬው አልተሳሳተም፤ በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ግን ፈረስ የሚሰማራበት መስክ በዲከረንስ ተያዘ። የግጦሽ መሬቱን ያጣው ፈረስ አሁን ከሰሉን በጆንያ ተሸክሞ ወደ አስፋልት ያወጣል፤ ማለትም የገዛ ምሳውን ተሸክሞ ለገበያ ያቀርባል። የፈረስ ማኅበር አባልም፣ ዲከረንስ ተካይም፣ ስለ ፈረስ ባህል መጥፋት መድረክ ላይ አምርሮ ተናጋሪም አንድ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስቱንም ከልቡ ነው።

መድረኩ ላይ "በዩኔስኮ ማስመዝገብ" የምትለው ሐረግ አትጠፋም። በእርግጥ አይከፋም፤ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት በ2019 ተመዝግበዋል፣ የአገው ፈረሰኞች ነገር ቢመዘገብ ማን ይጠላል? ነገር ግን ሐረጓ በተነገረች ቁጥር ጭብጨባው ስለሚያስተጋባ ፈረሱ ይበረግጋል፣ ባለ ፈረሱ ልጓሙን ይጎትታል፣ የልጓሙ ብረት አፉን ያቆስላል። ምዝገባው ሲመጣ የአፉን ቁስል ይጨምር እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ ከግላሱ ሥር ያለውን ገጠባ ግን ቅጽ ላይ ማስገባት ይገባል ባይ ነኝ። አምናችሁኝ አንዱን ግላስ ከወደ ኋላ ገለጥ አድርጉት። ጥልፉ የሐር ነው፣ ወርቃማ ክር አለበት፤ ከሥሩ የጆንያው ገመድ ሲፈትገው የከረመ፣ ዝንብ የለመደው፣ መዳፍ የሚያክል ቁስል አለ። ባለቤቱን ብትጠይቁት "ኧረ እሱማ ይድናል፣ ለበዓሉ አሽረን ነው ያመጣነው" ይላል። ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ፈረሱን ከልጁ እኩል የሚያይ፣ እሱ ቆሎ እየቆረጠመ ለፈረሱ ገብስ የሚያቀርብ ሰው አዊ ውስጥ ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ለይቶ ማወቅም ቀላል ነው፤ ንግግሩ ሲረዝም ድንኳን ሳይገባ ፈረሱን እየመራ ጥላ ፍለጋ የሚሄደው እሱ ነው።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንዲት ሐሳብ አለችኝ፤ በጀት አትፈጅም። የንግግሩ ርዝመት በፈረሱ ትዕግሥት ይለካ። ተናጋሪው ከመድረኩ ወርዶ፣ ኮርቻ ላይ ወጥቶ፣ ማይኩን በአንድ እጁ ዛቡን በሌላው ይዞ ይናገር። ፈረሱ እስከ ፈቀደ ድረስ ታሪክ ይተርክ፤ ፈረሱ ሲበቃው ደግሞ የፕሮግራም መሪ ማስታወሻ ሳያስፈልግ ንግግሩ ያበቃል። "በመጨረሻም" ብሎ አምስተኛ ገጽ የሚገልጥ ሰው በዚህ ዘዴ አይኖርም።

ሐሳቤን ለአንድ የማኅበሩ አባል ነገርኩት። ሳቀና "እንግዶቹ መቼ ፈረስ ላይ መውጣት ይችላሉ?" አለኝ።

ጥር 24 ጠዋት ከተማው ወደ ልማዱ ተመልሷል። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ የበዓሉ ዘርፍ ገና ከግንባሩ ላይ ያልወረደለት አንድ ፈረስ ጋሪ ተጠምዶ ገበያው አፍ ላይ ቆሟል። አንድ ወይዘሮ ሁለት ጆንያ ድንች አስጭነው ዋጋ ይከራከራሉ።

"ምነው ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት በዚህ አልነበረም እኮ!"

"እትዬ፣ ይህ እኮ ትናንት በዓል ያከበረ ፈረስ ነው። የዓድዋ ዘር ነው። ጨምሩ።"

"እኔስ ልጨምር፤ የጨመርኩት ግን ለፈረሱ ይደርሰዋል?"

ባለ ጋሪው ጅራፉን አነሳ።

"ለፈረሱማ ትናንት ተጨበጨበለት።"